የጥልፍ ትራስ በቁስቋምና በጎንደር አካባቢ፤ ስጦታነቱና ምስክርነቱ

ስለ ኢትዮጵያ የእጅ ሥራ ከተጻፈው ውስጥ ስለ ሽመናና ስለ ሸክላ፥ ስለ አንጥረኛና ስለ ቆዳ ሥራ የሚናገረው ብዙ ነው፤ የሣር ስፌትም ቢሆን መሶቡና ሙዳዩ በየቤተ መዘክሩ ስለሚታይ የሚያስታውሰው አላጣም። በመርፌና በክር ተጠልፎ፥ በእጅ ተሰፍቶ ለወዳጅ ዘመድ የሚሰጠው ትራስ ግን ብዙውን ጊዜ ከተራ የቤት ዕቃ ተቈጥሮ ይታለፋል። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ ትራስ ከመኝታ ቤት እምብዛም የማይወጣ፥ በየጊዜው የሚታጠብ፥ ሲያልቅ የሚጣል ነገር ስለ ሆነ፥ ለተመራማሪ ዓይን የሚጋለጥበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ የጥልፍ ትራስ እንደ አሰጣጡ ጠባዩን የሚለውጥ ዕቃ መሆኑን ማስረዳት ነው። ለሚታወቅ ሰው በተሰጠ ጊዜ ትራሱ ተቀባዩን በቀጥታ ያነጋግራል፤ ለማይታወቅ ገዢ በተሸጠ ጊዜ ግን ስለ ሠሪው አገርና ኑሮ መተረክ ይጀምራል። ይህን ለውጥ ለመከታተል ከጎንደር የተሻለ ስፍራ ማግኘት አይቀልም፤ በአንድ በኩል የነገሥታት ጨርቅ ታሪክ ያላት ከተማ ናት፤ በሌላ በኩል ከአካባቢዋ የወጡ ቤተሰቦች በቅርብ ዘመን ጥልፍን የእንጀራ ማግኛ አድርገው ሠርተዋል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ወራቱና የበዓላቱ ቀኖች ግን በአገራችን አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ስሙና ስለ ግሱ

«ትራስ» የሚለው ቃል ከግዕዙ «ትርኣስ» የመጣ ሲሆን፥ ሥሩ «ርእስ» ማለትም ራስ ነው፤ ስለዚህ ትርጓሜው የራስ ማሳረፊያ ማለት ነው። «ተንተራሰ» የሚለው ግስና የመኝታን የራስ በኩል የሚያመለክተው «ራስጌ» የዚሁ ቤተ ሰብ ናቸው። ከትራስ ጋር «መከዳ» የሚባል አለ፤ ይኸውም በመደብ ወይም በአልጋ ላይ ለተቀመጠ ሰው መደገፊያ የሚሆን፥ ከቆዳ ወይም ከጨርቅ የሚሠራ ነው። ስሙ ከዐረብኛ የተገኘ ነው፤ በዚያም ቋንቋ ጉንጭ ከሚለው ቃል ጋር ይዛመዳል። ፈረንሳዮች ደግሞ ትራስን ከጆሮ ስም ባወጡት ቃል ይጠሩታል። እንግዲህ አንዱ ሕዝብ ራሱን፥ ሌላው ጉንጩን፥ ሌላው ጆሮውን አስቦ ስም ማውጣቱ ሁሉም ይህን ዕቃ ከሰውነት ጋር ባለው ቅርበት እንዳወቁት ያሳያል። ለስጦታ የተመረጠበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ቅርበት ሳይሆን አይቀርም፤ ተቀባዩ በየሌሊቱ ፊቱን የሚያሳርፍበት ሌላ ስጦታ የለምና።

ሥራው የሚጠራበት ግስም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። «ጠለፈ» ማለት ክርን በመርፌ እየሳቡ በጨርቅ ላይ ሥዕል መሥራት ነው፤ እግርን አሰናክሎ መጣል፥ የሚተላለፈውን ነገር በመንገድ ላይ መያዝ፥ ልጃገረድንም ያለ ፈቃድዋ ወስዶ ማግባት ነው። የሁሉም መነሻ የሚያልፈውን ይዞ ማስቀረት ይመስላል። ተማሪዎች ጥልፍን ከ«ጥበብ» ጋር እንዳያደባልቁ ያስፈልጋል። ጥበብ የሚባለው ሸማኔው ልብሱን በሚሸምንበት ጊዜ ከድርና ከማግ ጋር ባለ ቀለም ክር እያስገባ የሚያወጣው ጌጥ ነው፤ ጥልፍ ግን ተሸምኖ ባለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ የሚጨመር ነው። በደጋው አገር ልማድ ጥጡን የምትፈትል ሴቲቱ ስትሆን የሚሸምነው ወንዱ ነው፤ ስለዚህ በጥበቡ ላይ የሚታየው ንድፍ የሸማኔው ነው። በቤት ውስጥ በምትጠልፈው ትራስ ላይ ግን ንድፉንም፥ ቀለሙንም፥ ቃሉንም የምትመርጥ ራስዋ ሠሪዋ ናት።

ለስላሳው ትራስ በየቤቱ ሳይገባ በፊት በብዙ ስፍራ ራስ የሚያርፈው ከእንጨት በተጠረበ ብርኩማ ላይ ነበር። ጠጕሩን ሹሩባ የተሠራ ሰው፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ ሥራው እንዳይፈርስበት አንገቱን በብርኩማው ላይ ያሳርፍ ነበር። መኝታውም እንደ ቤቱ አቅም መደብ ወይም ጠፍር አልጋ ሲሆን፥ ከላዩ ቍርበት ወይም አጎዛ ይነጠፍበታል። ከዚህ የተነሣ በጥልፍ ያጌጠ የጨርቅ ትራስ በተራው ሰው ቤት ዘንድ ከብርኩማው ይልቅ የቅርብ ዘመን ነገር ነው። መስፋፋቱም ከገበያ አቡጀዲና ከተነከረ የጥልፍ ክር መብዛት፥ እንዲሁም ከልጃገረዶች ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1931 በአዲስ አበባ ከተከፈተ ወዲህ፥ በየክፍለ ሀገሩም ልጃገረዶች ወደ ትምህርት ቤት እየገቡ ሲሄዱ፥ የእጅ ሥራ ከንባብና ከሒሳብ ጐን ሆኖ ይሰጥ ነበር። የጥልፉ አሠራር ከዚህ የተማረ ቢሆንም፥ በጨርቁ ላይ የሚያርፈው ቃልና ሥዕል ግን የአገሩን ልማድ ተከትሏል።

ስለ ቁስቋም

ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ በኮረብታ ላይ የሚገኝ ሰፈርና ደብር ነው። ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ እርሳቸውም ባላቸው ዐፄ በካፋ በ1730 ካረፉ በኋላ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር አገር ያስተዳደሩ፥ በዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ የተባሉ ናቸው። በ1773 እስኪያርፉም ድረስ የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚሁ ስፍራ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ በአንዳንዱ ግድግዳ ላይ በቀላ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎችና የእንስሳት ሥዕሎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ቁስቋም ከሌሎቹ የጎንደር አብያተ መንግሥታት ጋር በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ስሙ የተወሰደው ቅድስት ማርያም ልጅዋን ይዛ በስደት ሳለች ካረፈችባቸው ስፍራዎች አንዱ ከሆነው ከግብጹ ቁስቋም ነው። በዓሉም ኅዳር 6 ቀን ይከበራል፤ ከዚያ በፊት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን የጽጌ ወራት ይባላል፤ በዚህም ጊዜ ስደቱ በአበባ ምሳሌ ይታሰባል። ወራቱ ክረምቱ አልፎ ደጋው በአደይ አበባ የሚሸፈንበት ስለ ሆነ፥ በዚህ አካባቢ ያደገች ልጅ አበባን የምታውቀው በሜዳውም በቤተ ክርስቲያኑም ነው። በትራስ ላይ የሚጠለፈው አበባ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ ብዙው ንድፍ ከትምህርት ቤትና ከታተመ ሥዕል የተቀዳ ነውና። ነገር ግን አበባ በጨርቅ ላይ ባየ ጊዜ የአገሩ ሰው ምን ሊያስብ እንደሚችል ለማወቅ የጽጌን ወራት ማወቅ ይጠቅማል።

በምንትዋብ ዘመን ያበበው ሁለተኛው የጎንደር ሥዕል ስልት የሚታወቅበት አንዱ ምልክት ጨርቅን በትጋት መሣሉ ነው። በጣና ሐይቅ ውስጥ እርሳቸው ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፤ በዚህም ስልት በተሣሉት ሥዕሎች የቅዱሳንና የመኳንንት ልብስ አበባና ሐረግ የሞላበት ሆኖ ይታያል። የብራና መጻሕፍት ሽፋን ውስጡ ከውጭ አገር በመጣ ያማረ ጨርቅ ቍራጭ የሚለበጥበትም ልማድ ነበረ። ባለ ቀለም ክር ውድ በነበረበት ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ እየተተረተረ ክሩ እንደገና ለጌጥ ይውል ነበር። ይህን ሁሉ የምናነሣው በጎንደር ጨርቅን ማስጌጥ ከትምህርት ቤቱ የእጅ ሥራ በፊት ረዥም ታሪክ እንደ ነበረው ለማመልከት ነው።

የክብር ጨርቅና የቤት ጨርቅ

ከዚያ ታሪክ ምን ተረፈ ቢባል፥ የተረፈው የክብር ጨርቅ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር እንደ ተሠሩ የሚታወቁ፥ ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች ከሐር የተሸመኑ ታላላቅ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃዎች አሉ፤ አንዱ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መዘክር፥ ሌላው በቶሮንቶ በሮያል ኦንታሪዮ ቤተ መዘክር ይገኛል። የቶሮንቶው ቁመት ከ5 ሜትር ይበልጣል። እንደዚሁም በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰደው ንብረት ውስጥ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ነው የሚባል፥ በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ተቀምጧል፤ በ2018 የመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲታሰብ ከዘውዱና ከጽዋው ጋር ለሕዝብ ታይቷል።

በእነዚህ ሁሉ ላይ አንድ ነገር ይስተዋላል። የባለቤቱ ስም ይነገራል፤ የሸማኔውና የጠላፊው ስም ግን አይነገርም። በየቤቱ ባለው የስጦታ ትራስ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሠራችው እኅት፥ አክስት ወይም የክርስትና ልጅ በስምዋ ትታወቃለች፤ ዕቃው ግን አይቈይም። የክብሩ ጨርቅ በዕቃ ቤት ተቈልፎበት ኖረ፥ ወይም በጦረኛ እጅ ተወሰደና በባዕድ አገር ተጠበቀ፤ የቤቱ ጨርቅ ግን ሲያገለግል ያልቃል። እሳትም አለ፤ በ1888 መሐዲስቶች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ጠፍቶ በኋላ እንደገና የተሠራ ነው። ከእንደዚህ ያለ ቃጠሎ ድንጋዩ ቢተርፍ እንኳ ጨርቁ አይተርፍም። ስለዚህ በቤተ መዘክር ያለው ብቻ ቢጠና የአገሩ የመርፌ ሥራ ሁሉ የቤተ መንግሥትና የቤተ ክህነት ብቻ ይመስላል፤ ይህም የተሳሳተ ፍርድ ያመጣል።

ስለ አሠራሩ

የስጦታ ትራስ ሁለት ልብስ አለው። አንዱ ጥጡን የሚይዘው የውስጥ ከረጢት ነው፤ ሁለተኛው ጥልፉን የሚሸከመውና ለእጥበት የሚወልቀው የላይ ልብስ ነው። ለላይኛው አቡጀዲ ወይም ሌላ ድርና ማጉ እኩል የሆነ ነጭ ጨርቅ ይመረጣል፤ ክሩ ያልተስተካከለ ጨርቅ የተጠለፈውን መስመር ያጣምማልና። ለጌጥ ብቻ የሚቀመጠው ትራስ አራት ማዕዘን ሆኖ በየጐኑ አንድ ክንድ የማይሞላ ነው፤ ለመኝታ የሚሆነው ግን ወደ ጐን ይረዝማል።

ጨርቁ ከመቈረጡ በፊት መታጠብ አለበት። አዲስ የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ፥ ሳይታጠብ የተጠለፈበት እንደ ሆነ በኋላ ጨርቁ ሲያጥር ክሩ ሳያጥር ይቀርና ሥዕሉ ይጨማደዳል። ቀዩና ጥቁሩ ክርም ቀለሙን በነጩ ላይ እንዳይለቅ አስቀድሞ በውኃ ተነክሮ ይፈተናል። ከዚያ በኋላ ንድፉ በእርሳስ ወይም በካርቦን ወረቀት ይሠፍራል፤ ለስፌቱም በዙሪያው ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ይተዋል። መርፌና ክር የሚገባው ጨርቁ በሁለት የእንጨት ክቦች መካከል ከተወጠረ በኋላ ነው፤ ውጥረቱ ካልጠበቀ መርፌዋ ጨርቁን ትሰበስባለችና።

የመርፌው አካሄድ ብዙ ዐይነት ነው። ቀለበት በቀለበት እንደ ሰንሰለት የሚያያዘው ለግንድና ለፊደል ይስማማል። ክሮቹ ጐን ለጐን ተጠጋግተው የሚሞሉት ለአበባ ቅጠልና ለወፍ ክንፍ ይሆናል። ሁለት ክሮች የሚሻገሩበት የመስቀል ጥልፍ ድርና ማጉን እየቈጠረ የሚሄድ ስለ ሆነ ሥዕሉ በደረጃ በደረጃ የሚወጣ ይሆናል፤ በዚህም ከመሶብ ስፌት ንድፍ ጋር ይመሳሰላል። አክርማውንና አለላውን እየዞረች የምትሰፋ ሴትም ጌጡን የምታወጣው በቍጥር ነውና፥ እጅዋ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲሻገር እንግድነት አይሰማውም።

ጥሩ ጠላፊ የምትለየው በጨርቁ ጀርባ ነው ይባላል። በጀርባው ክሩ ከሩቅ ወደ ሩቅ ሳይዘል፥ ቋጠሮ ሳይበዛበት፥ ጫፉ በተጠለፈው ሥር ተሸጕጦ ከተገኘ ሥራው የተጠነቀቀ ነው። ይህም ለመታየት ብቻ አይደለም፤ ትልቅ ቋጠሮ ያለበት ትራስ ጕንጭ ይቈረቍራል፥ በእጥበትም ጊዜ ይፈታል። ጥልፉ ካለቀ በኋላ ሁለቱ ፊቶች ወደ ውስጥ ተጋጥመው በሦስት ጐን ይሰፋሉ፤ ከዚያም ይገለበጣል፤ አራተኛው ጐን ተዘምዝሞ በቍልፍ ወይም በማሰሪያ ይዘጋል። አንዳንዱ በጠርዙ ዘርፍ ይጨመርበታል። ለመሙያው ፍሬው የወጣለት ጥጥ በደጋን ተነድፎ ሲገባ ልስላሴው ይበልጣል፤ ያልተነደፈ ጥጥ በአጭር ጊዜ ይጓጕላል። አቅም ያነሰው ቤት ቍራጭ ጨርቅ ይሞላበታል። ማዕዘኖቹ አስቀድመው ካልተሞሉ ትራሱ መካከሉ ያበጠ፥ ጫፉ የላሰለሰ ይሆናል።

ጊዜውም በሥርዐት የተወሰነ ነው። በክርስቲያኑ ቤት እሑድን፥ በየወሩ በ12 ሚካኤልን፥ በ21 ማርያምን የምታከብር ሴት ፈትልና ወፍጮን እንደምትተው ሁሉ መርፌዋንም ታስቀምጣለች። ጥልፍ የሚሠራው ከውኃና ከእንጨት፥ ከምጣድና ከልጅ በተረፈው ሰዓት ስለ ሆነ፥ አንድ ትራስ ወራት ሊፈጅ ይችላል። በሰርግ ወራት በጥር ለሚሰጥ ስጦታ ሥራው ከብዙ ጊዜ በፊት መጀመር አለበት።

ለማን እንደሚሰጥ

የጥልፍ ትራስ የሚሰጥባቸው ምክንያቶች በሕይወት መሻገሪያዎች ላይ የሚገኙ ናቸው። የመጀመሪያው ጋብቻ ነው፤ ለሙሽሮች የሚሠራው ጥንድ ሆኖ፥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወፎች ፊት ለፊት ተያይተው የሚጠለፉበት ነው። ሁለተኛው ልደት ነው፤ አራስ ጋደም ብላ የምትሰነብትበት ወቅት ስለ ሆነ ትራስ ለእርስዋ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ረዳት ነው። ሦስተኛው መለየት ነው፤ ለትምህርት፥ ለውትድርና ወይም ለሥራ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ጓዙ ቀላል መሆን ስላለበት፥ ያለ መሙያ የላይ ልብሱ ብቻ ተጣጥፎ ይሰጠዋል። አራተኛው ለታላቅ ሰው የሚሰጠው ነው፤ ለአያት፥ ለክርስትና እናት፥ ለነፍስ አባት የሚሆነው ትራስ ቀለሙ ዝግ ያለ፥ ጌጡም የተቈጠበ ሲሆን ያምራል።

ተቀባዩ ለዚህ የሚመልሰው ዋጋ በቅድሚያ ምርቃት ነው። «እጅሽ ይባረክ» የሚለው ቃል ሠሪዋን በሥራ መሣሪያዋ፥ ማለት በእጅዋ፥ ይመርቃታል። በገበያ ተገዝቶ ለተሰጠ ዕቃ እንዲህ ያለው ምርቃት አይስማማም፤ በዚያ ጊዜ የሚመሰገነው ሰጪው ቸርነቱ እንጂ እጁ አይደለምና።

በጨርቁ ላይ ስለሚጻፈው

በጥልፍ ትራስ ላይ ከሥዕሉ ጋር ብዙ ጊዜ ቃል ይኖራል፤ «መልካም እንቅልፍ»፥ «መልካም ሌሊት»፥ «የፍቅር መታሰቢያ»፥ ለእንግዳ መቀበያ ክፍልም «እንኳን ደህና መጡ» የሚሉት የታወቁ ናቸው። እዚህ ላይ የቋንቋችን ጠባይ በመርፌ ሥራው ውስጥ ይገባል። በአማርኛ ሁለተኛ ሰውን ለማነጋገር «አንተ»፥ «አንቺ»፥ «እናንተ» እና «እርስዎ» ይለያያሉ፤ በትእዛዝና በምርቃትም ግሱ ይህንኑ ይከተላል። ስለዚህ አንዲት ሴት በትራስ ላይ ምርቃት ልትጽፍ ስትነሣ፥ ከፊደሉ በፊት ከተቀባዩ ጋር ያላትን ዝምድና መወሰን ይኖርባታል። ለታናሽ ወንድም «ተኛ» ለማለት ይቻላል፤ ለአባት ግን «ይተኙ» መሆን አለበት። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው የአራስ ምርቃት በጨርቅ ላይ ቢጻፍ ለሴት፥ ያውም ለወለደች ሴት፥ ያውም «አንቺ» ለምትባል ሴት ብቻ ይሆናል። በሌላ ሰው ራስጌ ሊቀመጥ አይችልም።

«መልካም እንቅልፍ» እና «መልካም ሌሊት» የሚሉት የበዙበትም ምክንያት ከዚህ ሊገኝ ይችላል። እነዚህ ግስ የሌለባቸው አባባሎች ናቸውና አንተንም፥ አንቺንም፥ እርስዎንም አይለዩም፤ ጥንድ ትራስ ለባልና ለሚስት የምትሠራ ልጃገረድ በእነዚህ ብትጠቀም ክብር አይጎድልባትም። «እንኳን ደህና መጡ» ደግሞ ለተከበረ ሰው የሚነገር ስለ ሆነ ለእንግዳ ክፍል ተስማሚ ነው። እንግዲህ ጥቂት ቃላት ተደጋግመው መገኘታቸው የሐሳብ ድህነት ተደርጎ መቈጠር የለበትም፤ ቋንቋው በሚያዝዘው የአክብሮት ሥርዐት ውስጥ በጥንቃቄ የተመረጡ ናቸው።

ሥዕሎቹም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። ጥንድ ወፍ፥ አበባ፥ መሶብ፥ ጀበና፥ መስቀል፥ የፋሲል ግንብ፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚታወቁ ምልክቶች ናቸው እንጂ የሚነገር ድርጊት የላቸውም። ሰጪዋና ተቀባዩ ታሪኩን አስቀድመው ስለሚያውቁ ጨርቁ መተረክ አያስፈልገውም። ጀበናው የማን ቤት ጀበና እንደ ሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ስጦታው ሸቀጥ በሆነ ጊዜ

ይህ ሥርዐት ምን ያህል ሊለወጥ እንደሚችል የቤተ እስራኤል ጠላፊዎች ሥራ ያሳያል። ቤተ እስራኤል በጎንደርና በዙሪያዋ ለብዙ ዘመን በግንበኝነት፥ በአንጥረኝነት፥ በሸማኔነትና በሸክላ ሥራ የታወቁ ሕዝብ ናቸው። ከጎንደር በስተ ሰሜን ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ በሴቶችዋ የሸክላ ሥራ ስምዋ ወጥቷል። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ ብዙዎች በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በ1990 ደግሞ በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ከጎንደር መንደሮቻቸው ወጥተው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ በግንቦት 1991 ከ14,000 የሚበልጡት በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ተጓዙ። ፈለስ ሙራ የሚባሉት፥ ወላጆቻቸው ወይም አያቶቻቸው ክርስትና የተቀበሉባቸው ቤተሰቦች ግን ብዙዎቹ ቀርተው፥ በአዲስ አበባና በኋላም በጎንደር ከተማ ተራቸውን ሲጠባበቁ ዓመታት አሳልፈዋል።

እነዚህ ሰዎች እርሻቸውን ትተው ወደ ከተማ የገቡ ስለ ነበሩ ሥራ አልነበራቸውም። በ1982 በአሜሪካ የተቋቋመው፥ ስለ ኢትዮጵያ አይሁድ የሚሠራው የሰሜን አሜሪካ ጉባኤ በአዲስ አበባ የጥልፍ ሥራ አቋቁሞ፥ ሥራቸውን በውጭ አገር እየሸጠ ገቢ እንዲያገኙ አድርጓል። ከተሠሩትም ዕቃዎች ውስጥ የትራስ ልብስ፥ የሰንበት ዳቦ መሸፈኛና የፋሲካ ቂጣ መሸፈኛ ይገኙባቸዋል።

በእነዚህ የትራስ ልብሶች ላይ የሚታየው ከላይ ከገለጥነው የስጦታ ትራስ በእጅጉ ይለያል። የኖኅ መርከብና የመሳሰለው የመጽሐፍ ታሪክ፥ እንዲሁም የገጠር ኑሮ፥ ማለት ጎጆ ቤቱ፥ እርሻው፥ ከብቱ፥ የሴቶች የቤት ሥራ፥ ብዙ ሰዎች ባሉበት ትእይንት ተጠልፎ ይገኛል። ትራሱ ማንንም አያነጋግርም፤ ስለ አንድ ስፍራና ስለ ሰዎቹ ይተርካል። ይህ እንዲሆን ያደረገው የተቀባዩ አለመታወቅ ይመስለናል። ገዢው በኒው ዮርክ ወይም በሌላ ሩቅ ከተማ ያለ፥ ስሙ የማይታወቅ ሰው ነው፤ አንቺ ወይም እርስዎ ብሎ ለማነጋገር ዝምድናው አይታወቅም። ደግሞም ጎጆ ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ስለ ሆነ፥ ምልክቱ ብቻ አይበቃውም፤ ሙሉው መንደር መታየት አለበት። ከዚህ ላይ ሠሪዎቹ መንደራቸውን የተዉት በቅርብ ጊዜ፥ ወደዚያም የመመለስ ሐሳብ የሌላቸው መሆናቸው ይጨመራል። በየቀኑ ከውስጡ የሚኖሩበት መንደር በትራስ ላይ ሊጠለፍ የሚገባው ነገር አይመስልም፤ ከተለዩት በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል።

በሌላው ዓለም የታየው ይህን ሐሳብ ያጠነክረዋል። ከላኦስ ተራሮች የተሰደዱት የሕሞንግ ሴቶች ከጥንት ጀምሮ ለልብስና ለቤተሰብ ስጦታ የሚጠልፉት ምልክትና የመስመር ንድፍ ነበር፤ ከ1975 በኋላ በታይላንድ የስደተኞች ሰፈር ሆነው ለውጭ ገበያ መሥራት ሲጀምሩ ግን የመንደር ኑሮን፥ ጦርነቱንና ስደቱን በሥዕል የሚተርክ ጨርቅ መሥራት ጀመሩ። በቺሊም ከ1973 የመንግሥት ግልበጣ በኋላ ዘመዶቻቸው የጠፉባቸው ሴቶች ከቍርጥራጭ ጨርቅ የሰፉት ሥዕል ወደ ውጭ አገር እየተላከ ምስክር ሆኗል። ሦስቱ ሕዝቦች አይተዋወቁም፤ ሁኔታው ግን አንድ ነው። የቤት መርፌ ለማይታወቅ ሰው መሥራት ሲጀምር፥ ከሰላምታ ወደ ታሪክ ይዞራል።

ሸቀጥ መሆኑን ብቻ አይቶ ሥራውን መናቅ ስሕተት ነው። ለገበያ የተሠራው ጥልፍ ንድፉ በአሠሪው ወይም በገዢው ፍላጎት የሚመራ መሆኑ ግልጥ ነው፤ ስለዚህ ጎጆው ሁሉ ያማረ፥ ሰማዩ ሁሉ የጠራ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የእርሻው ዕቃ እንዴት እንደሚያዝ፥ እንስራው በጀርባ እንዴት እንደሚታዘል፥ ቤቱ በየት በኩል በር እንዳለው የሚያውቅ እጅ የሠራው ነው። በአንጻሩ የስጦታው ትራስ ስለ መንደሩ ምንም ባይነግረን፥ ማን ለማን በምን ዐይነት አክብሮት እንደሚናገር ይነግረናል። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ለተመራማሪው የሚቀር ሥራ

ከዚህ በላይ የተባለው ለተማሪዎች አንድ አስቸኳይ ሥራ ያመለክታል። በውጭ አገር ቤቶች የተበተኑት የተሸጡ ትራሶች ንጹሕ ሆነው ይቈዩ ይሆናል፤ የጌጥ ዕቃ ናቸውና ብዙ አይታጠቡም። የሠሪዎቻቸው ስም ግን በአብዛኛው ከእነርሱ ጋር አልሄደም። በቁስቋምና በጎንደር ቤቶች ያሉት የስጦታ ትራሶች ደግሞ የሠሪያቸው ስም በአፍ ይታወቃል፤ ጨርቁ ግን በየሳምንቱ እጥበት እየሳሳ ነው፤ በመኪና ተጠልፎ በገበያ የሚሸጠውም ቦታውን እየያዘበት ነው። ሁለቱም መዝገብ ያስፈልጋቸዋል፤ የመጀመሪያው ስሙን ለማግኘት፥ ሁለተኛው መልኩን ለማትረፍ።

ትራስን ለመመዝገብ የሚሄድ ተማሪ ዕቃውን ከባለቤቱ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ሥዕሉንና ቃሉን ይዞ መመለስ ይበቃዋል። መጠየቅ የሚገባው ነገርም ብዙ አይደለም። ማን ሠራችው? ለማን? በምን ምክንያትና በየትኛው ዓመት? ንድፉ ከየት ተቀዳ? ቃሉ ካለበት፥ ግሱ በማን ስም ነው የቆመው፤ በአንተ፥ በአንቺ ወይስ በእርስዎ? ጥጡ የቤት ነው ወይስ የገበያ? በዚህ ላይ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ፊቱን ብቻ አንሥቶ እንዳይመለስ ያስፈልጋል። ባለቤትዋን አስፈቅዶ ልብሱን ከትራሱ ያውልቅ፤ ይገልብጠው፤ ጀርባውንም ያንሣ። የክሩ አካሄድ፥ የተፈታውና እንደገና የተጠለፈው፥ በመካከል የተለወጠው ቀለም የሚታየው በጀርባው ነውና።